ለሁለተኛ ጊዜ ያልወረደው ፋኖስ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ልጆች በስብሰባ አዳራሹ ለስላሳና ኬክ አዘጋጅተው ሸኙኝ። ኃላፊያችን አጭር ንግግር አድርጎ ጋቢ አለበሰኝና «እስቲ ጋሽ በላይ፣ ከሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ያጫውቱን» አለ። ተነሣሁ። ደወሌ ላይ የፓምፕ ቧንቧ ስናወጣ እባብ ተጠቅልሎ ስላገኘንበት ቀን አወራሁ፤ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ተቀመጥኩ። የማልረሳው ግን እባቡን አልነበረም። የማልረሳውን ነገር ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ የውሃ ጉድጓድና የፓምፕ ጥገና ነበር። ጂግጂጋ ቢሮ ውስጥ ወንበር ነበረኝ፤ ዕድሜዬ ያለቀው ግን መኪና ላይ ነው። አውበሬ፣ ኤረር፣ ደወሌ፣ በመካከላቸውም ካርታ ላይ የሌሉ መንደሮች። ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሪፖርት በየሳምንቱ ይፈልጋል፣ ሌላው በየወሩ። አበሉም ይዘገያል። እሱን እዚህ ልተወው።

ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ጉድጓድ ዝም ያለ ነገር ይመስላል። አይደለም። ክዳኑን ከፍቶ ጆሮውን ወደ አፉ ላስጠጋ ሰው የማያቋርጥ ድምፅ አለው። ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ አሸዋ ከግድግዳው ሲንሸራተት ይሰማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነጋገሩ የሚመስል ነገር ይሰማል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ደንግጬ ብድግ አልኩ። አለቃዬ ጋሽ ደምሰው አጠገቤ ነበሩ።

«የሚያወራ ሰው ይመስላል» አልኳቸው።

«ሊያወራ ይችላል» አሉ፤ «ላንተ ነው የሚያወራው ብለህ ግን እንዳታስብ።»

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባታቸው ወታደር ሆነው ከመንዝ መጥተው ጂግጂጋ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ደምሰው እዚሁ ተወልደው ሱማሊኛን እንደ አገሬው ይናገሩ ነበር። በእጅ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ሲደርሱ ማንንም ሰላም ሳይሉ መጀመሪያ መዳፋቸውን በጉድጓዱ አፍ ላይ ዘርግተው ይቆማሉ። ከዚያ ፋኖስ ይለኩሱና በገመድ ቀስ አድርገው ያወርዳሉ። ነበልባሉ እታች ደርሶ ሳይደክም ከቆየ ሰው ይገባል፤ ከደከመ ወይም ከጠፋ ማንም አይገባም፣ ክፉ አየር አለ ማለት ነው። ይህን ማንኛውም የጉድጓድ ሠራተኛ ያውቀዋል። የእሳቸው ልዩ ልማድ ሰው ወጥቶ ተመልሶ በገባ ቁጥር ፋኖሱን እንደገና ማውረዳቸው ነበር። ቆፋሪው ውሃ ለመጠጣት ለአምስት ደቂቃ ቢወጣ እንኳ ፋኖሱ ይወርዳል።

«ጋሽ ደምሰው፣ አሁን አየነው አይደል እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ያየኸው ያኔ የነበረውን ነው» ይሉኛል።

የጥገና መዝገባቸውም እንዲሁ ነበር። እኛ አንድ ፓምፕ የቆመበትን ምክንያት ባናውቅ እንኳ አንድ ነገር ፈልገን እንጽፋለን፤ ባዶ ቦታ ያስወቅሳል። እሳቸው ካላወቁ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ጽፈው ይፈርማሉ። በመንገድ ላይ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው የዕለቱን ክፍል ያነባሉ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው በአማርኛ ያስረዱኛል፤ አንዳንድ ቦታ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው «ይኼ አልገባኝም» ይሉና ይቀጥላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነበቡትን አልገባኝም ሲሉ ያናድደኝ ነበር። የእምነት ሰው ማለት የእግዚአብሔርን መንገድ የሚያውቅ ነው ብዬ አምን ነበርና።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሙክታር ከእኔ ጋር መሥራት ጀመረ። ሙክታር የአውበሬ ልጅ ነው፤ ጠንካራ፣ ሳቂታ፣ የአራት ልጆች አባት። ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ የሚሠራው እሱ ነበር። «አደር በላይ» ይለኛል፤ አደር በሱማሊኛ አጎት ማለት ነው።

በ2010 ክረምት ከተማችን ስትታወክ እኔና ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። ውጪ ጭስ ይታያል፣ ጩኸት ይሰማል፣ መውጫ የለንም። ሙክታር በጓሮ አጥር ዘልሎ ገባ። ለባለቤቴ የሚስቱን ሰፊ ቀሚስ፣ ድሪያ፣ ሰጣት፣ እኔን የእሱን ሽርጥ አስታጠቀኝና ወደ ቤቱ ወሰደን። ልጆቹን ወለል ላይ አስተኝቶ አልጋቸውን ለእኛ ለቀቀ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይወጣና «ቤተሰቤ ብቻ ነው ያለው» ብሎ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ነገሩ ሲበርድ ወደ ቤታችን ስንመለስ በራችን ተሰብሮ አገኘነው። የማውቃቸው አንዳንድ ሰዎች አልተረፉም።

«እኔ ለምን ተረፍኩ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ቅዳሴ ላይ ቆሜ አስበዋለሁ፣ መኪና ውስጥ አስበዋለሁ። ለአንድ ነገር ተጠብቄያለሁ፣ ያንን ነገር ደግሞ እግዚአብሔር ሊነግረኝ ይገባል ብዬ አመንኩ። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይኔን ጨፍኜ መግለጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። ጸልዬ እገልጣለሁ፣ ጣቴ ያረፈበትን አነባለሁ፣ ያ ቃል የዕለቱ መልስ ነው። መጀመሪያ ለትልልቅ ነገር ነበር፤ እያደር የትኛውን መንገድ እንደምይዝ፣ የትኛውን ፓምፕ እንደማስቀድም ሁሉ እጠይቅበት ጀመር። የሚያስፈራው ደግሞ ብዙ ጊዜ መስማማቱ ነው። አንድ ጠዋት ስለ ጎርፍ የሚናገር ቦታ ገለጥኩና መንገድ ቀየርኩ፤ የተውኩትን መንገድ ከሰዓት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ማቆም አይችልም።

ለጋሽ ደምሰው ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«መጽሐፉን ፋል አደረግኸው» አሉኝ።

«እየመለሰልኝ እኮ ነው።»

«ፋልም ይመልሳል» አሉና በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ መንገዱ ማየት ቀጠሉ።

ድርቁ በጠናበት ዓመት ከሙክታር ጋር ወደ ኤረር ተላክን። ከኤረር አልፎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም የማይርቅ የአርብቶ አደሮች መንደር ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። የመንደሩ ሞተር ፓምፕ ተቃጥሏል። ፈትተን አየነው፤ የሚጠገን አልነበረም፣ አዲሱ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። የውሃ ቦቴ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ እሱም አንዳንዴ ይቀራል። መንገዱ ዳር የወደቁ ላሞች ነበሩ። ሰዎቹ ሁሉ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት፤ ሕፃናቱ እንኳ አይሮጡም።

ከመንደሩ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ወረድ ብሎ በድንጋይ የተከበበ አሮጌ ጉድጓድ ነበር። ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ የለም። ጥልቀቱ ሠላሳ ሜትር ግድም ይሆናል፣ እታች ድንጋይና አሸዋ ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ስንጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ጎጆዋ ለጉድጓዱ ቅርብ የሆነ ሐሊማ የምትባል ሴት ወሰደችን። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደመ እንጨት አንድ ብጣሽ ጨርቅ አንጠልጥላ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከፍ ማለቷ ነው፤ ነፋስ የሚባል የለም። ጨርቁ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ተስቦ ነበር፤ አንድ ሰው እታች ሆኖ ጫፉን የያዘው ይመስላል።

ሐሊማ የተናገረችውን ሙክታር ተረጎመልኝ። «ይተነፍሳል ትላለች። ጠዋት ይስባል፣ ከሰዓት በኋላ ይተፋል። ሲተፋ ከብቶቹ አይጠጉም፤ ዝንብ እንኳ አይኖርም። እናቷም እንዲህ ትል ነበር።»

አጎንብሼ አየሁ። አንገቴ ላይ አየሩ ወደ ታች ሲያልፍ ተሰማኝ። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለ ድንጋይ ላይ አንዲት የሞተች ዋኔ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች። ምንም አልቆሰለችም። አሁን ሳስበው፣ ያቺ ሴት በጥቂት ቃላት ማወቅ ያለብኝን ሁሉ ነግራኛለች። እኔ ግን የአገሬው ወግ ነው ብዬ በልቤ አለፍኩት።

በማግስቱ ገና ሲነጋ መኪናው ውስጥ ሆኜ ጸለይኩ። እንግባ ወይስ እንተወው? ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ይስሐቅ በአባቱ በአብርሃም ዘመን ተቆፍረው የተደፈኑትን ጉድጓዶች እንደገና ያስቆፈረበት ታሪክ ላይ ጣቴ አረፈ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ እዚያ ላይ! አለቀስኩ። በዚያ ጠዋት የተረፍኩበት ምክንያት የተገለጠልኝ መስሎኝ ነበር።

ሙክታር ገመዱን እየፈተሸ ነበር። «ዛሬ ውሃ እናገኛለን» አልኩት፤ «እግዚአብሔር ነግሮኛል።»

ሳቀ። «ኢንሻአላህ በል እንጂ አደር።»

በባለ ሦስት እግሩ እንጨት ላይ ገመድ የሚሽከረከርበትን ካሩካላ ሰቀልን፣ ገመዱን አሳለፍን። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፋኖሱን ለኩሼ አወረድኩ። እታች ደርሶ ደምቆ ነደደ፤ እንዲያውም ነበልባሉ አንድ ነገር እየሳበው ያለ ይመስል ወደ ታች ተጎንብሶ ነበር። ሙክታር ወረደ። ድንጋዩን በባልዲ እየሞላ ላከ፣ እኔና የመንደሩ ሰዎች ሳብን። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ የወጣው ባልዲ ጥቁር እርጥብ አሸዋ ነበረበት። ሴቶቹ አሸዋውን በእጃቸው እየነኩ ፊታቸው ላይ አደረጉት። አንድ ሽማግሌ ጭብጥ አድርጎ አፉ ውስጥ ጨመረው።

ሙክታር ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ወጣ። ሰገደ፣ ከእኔ ጋር ሩዝ በላ፣ ጥቂት ጋደም አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ገመዱ የሚታሰርበትን ቀበቶውን አጠበቀና ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ጨርቁ በእንጨቱ ላይ ወደ ላይ ተነሥቶ ይርገበገብ ነበር። ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ደስ የሚል ቅዝቃዜ። ሐሊማ ከሩቅ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች።

ሙክታር ቆም አለ። «ፋኖሱስ?» አለኝ።

ፋኖሱ ከእግሬ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ክብሪቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ጠዋት አይተነዋል» አልኩት። «እግዚአብሔር የከፈተውን ማን ይዘጋዋል?»

ትከሻውን ነቀነቀና ገመዱን ይዞ ወረደ።

አንድ ባልዲ ላከ። ሁለተኛም ላከ። ከዚያ ገመዱ ዝም አለ። «ሙክታር!» ብዬ ጠራሁት። መልሱ ቆይቶ መጣ፣ ድምፁም ለስላሳ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ይጮኻል እንጂ እንዲያ አይናገርም።

«አደር፣ እዚህ ጥሩ ነው» አለ። «ነፋስ አለ።»

«ገመዱን ያዝ! እንሳብህ!»

አልመለሰልኝም። ለእኔ አልመለሰልኝም ማለቴ ነው። ከታች በሱማሊኛ ሲናገር ይሰማን ነበር። ትንሽ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ አንድ ሰው የሚነግረውን እንደሚያዳምጥ ያህል ይቆያል፣ «ሃ፣ ሃ» ይላል፤ እሺ፣ አዎ ማለቱ ነው። አንዴም ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ገመዱን ስስበው ባዶውን መጣ፤ እንደልቡ ለመሥራት ቀበቶውን ፈትቶ ነበር። ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ከጉድጓዱ የሚወጣው አየር ብቻ ፊቴ ላይ ይነፍሳል።

ፋኖሱን ለኩሼ አወረድኩት። ገና ስድስት ሜትር ሳይሞላ ጠፋ።

ልገባ ገመዱን ወገቤ ላይ ሳስር ሐሊማና ሁለት ወንዶች ያዙኝ። ታገልኳቸው። ሐሊማ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ የምታውቀውን ጥቂት አማርኛ ጮኸችብኝ፦ «አንተም ሞት! አንተም ሞት!» ጋሽ ደምሰው ያስተማሩኝን አስታወስኩና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስረን አየሩ እንዲቀየር ወደ ታች እየጣልን ወደ ላይ እየሳብን ሠራን። ምንም አልለወጠም። መሬቱ ራሱ ነበር የሚተነፍሰው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጨርቁ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተሳበ። ፋኖሱን ሳወርድ እስከ ታች ነደደ። ያኔ ገባሁ።

ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ከጎኑ ያለውን አሸዋ በእጁ ደልድሎ ለሌላ ሰው መቀመጫ ያዘጋጀ ይመስል ነበር።

በማግስቱ አውበሬ ተቀበረ። ቀብሩ እንዳለቀ ስልኬ ጠራ። ከመንደሩ ነበር። አሸዋው ላይ ውሃ መጥቷል፣ አንድ ሜትር ሞልቷል፣ ከላይ ሆነው በባልዲ እየቀዱ ነው። የሚደውለው ሰው በደስታ ድምፁ ይቆራረጣል። አዲሱ ፓምፕ እስኪመጣ ድረስ ያ ውሃ መንደሩን አቆየው። የባሰኝም እሱ ነው። ውሃው ባይገኝ ኖሮ ተሳስቼ ነበር ብዬ አርፍ ነበር። ቃሉ ግን ያልኩትን ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ እናገኛለን አልኩ፣ ተገኘ። ለእኔ የተናገረኝ ማን ነበር ታዲያ?

የሙክታር አባት አደር አብዲ በለቅሶው ቦታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። በወጣትነታቸው ድሬዳዋና አዲስ አበባ እየተመላለሱ የነገዱ ናቸው፤ አማርኛቸው ጥሩ ነው። እጃቸውን ይዤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኳቸው።

«የአላህ ፈቃድ ነው» አሉ። ቆይተውም «ውሃው ወጣ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወጣ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እጄን ሳሙት። ያ የሳሙት እጅ ክብሪቱን ያልጫረው እጅ ነው።

ሪፖርቱን «በድንገተኛ አደጋ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ጂግጂጋ ስመለስ ግን ወደ ጋሽ ደምሰው ሄድኩ። እሳቸው በዚያን ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። መጽሐፉን መግለጤን ከነይስሐቁ ነገርኳቸው፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ዋኔዋ፣ ሙክታር ከታች ስላወራው ነገር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ጠየቁኝ።

«ከሰዓት በኋላስ ፋኖሱን አወረድክ?»

«አላወረድኩም።»

«ለሰውዬው አባት ምን አልካቸው?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አልኩ።»

ተነሥተው ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ደገፍኳቸው። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «የራስህን ስንፍና ጠቅልለህ በእሱ ስም ሰጠሃቸው!» አሉኝ። «ሽማግሌውም ተቀበሉህ፣ አመሰገኑህ።»

«ቃሉስ? ያገኘሁት ቃል የእግዚአብሔር ቃል አይደለም እንዴ?»

«ቃሉማ የእግዚአብሔር ነው። ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ያለው ዲያብሎስስ ምን ጠቅሶ ነበር? ከዚሁ ከዳዊት ነው የጠቀሰው። ቃሉ እውነት ነበር። ወርውር ማለቱ ነው የሱ።» ትንሽ አረፉ። «ኢዮብን አስበው። ጓደኞቹ የእግዚአብሔርን መንገድ አንድ በአንድ አስረዱት፣ ይህ የሆነው በዚህ ነው፣ ያ የሆነው በዚያ ነው እያሉ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው እነሱን ነው። አመድ ላይ ተቀምጦ ለምን ብሎ የጮኸውን አልተቆጣውም።»

«ውሃው መውጣቱስ ጋሽ ደምሰው? እሱንስ ምን ልበለው?»

ትራሳቸውን ተደገፉ።

«ዝናቡን ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም የሚያዘንብ ነው» አሉ። «ከዚያ በላይ አልገባኝም። አንተ ግን ያልገባህን ተወውና የገባህን አድርግ። ፋኖሱን አላወረድክም፤ ይኼ ገብቶሃል። ሂድና ለአባትየው ንገራቸው።»

አልሄድኩም። እሳቸው በዚያው ሕመም አረፉ፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ለደመወዜ ፈራሁ፣ ክሱን ፈራሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የእነዚያን ሽማግሌ ፊት ፈራሁ። መጽሐፍ ቅዱስን ዓይኔን ጨፍኜ መግለጥ ግን ተውኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ማንበብ ያዝኩ፤ የሚያጽናናውንም የሚያስደነግጠውንም፣ ትርጉም የሌለው የሚመስለውን የስም ዝርዝር ሳይቀር። ሳነብ አንዳንዴ ጀርባዬን ቀዝቃዛ አየር ይነካኛል። በሩ ዝግ ነው።

በኋላ አንዲት ወጣት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ወደ መሥሪያ ቤታችን ተቀጥራ መጣች። ሌላ ሰው ላይ የደረሰ አስመስዬ ጠየቅኳት። ምንም አልገረማትም። «አንዳንድ ጉድጓድ እንዲህ ነው ጋሼ» አለችኝ። «የላዩ አየር ሲከብድ መሬት ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲቀል የታፈነው ይወጣል። ኦክስጅን የሌለው አየር ነው። ያንን የሚተነፍስ ሰው መታፈኑ አይታወቀውም፣ ደስ ይለዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያወራል፣ ይተኛል።» ደብተር ላይ ሥላ አሳየችኝ። ሐሊማ የነገረችኝን ነው በቀስት ምልክት የሣለችው። ሁሉም ነገር መልስ አገኘ። ብቻ ሙክታር ያንን ሲያዳምጥ የነበረበትን ዝምታ፣ ያን ተራ ጠብቆ የሚናገር ሰው ዝምታ፣ ሥዕሉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። እሷንም አልጠየቅኳት።

ከሙክታር ሞት ወዲህ ጉድጓድ ላይ ጆሮዬን አላስጠጋም ነበር። ሠራተኞቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ፋኖስ ግን አስወርድ ነበር፤ ወጥተው በገቡ ቁጥር። ያጉረመርሙ ነበር። ያጉረምርሙ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባለቤቴ እንቅልፍ ማጣቴን አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በሙክታር ቤት ወለል ላይ የተኙትን ልጆች አስታወሰች መሰለኝ፣ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዬን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ዛሬውኑ ሂድ» አለችኝ።

ወደ አውበሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አደር አብዲ ከቤታቸው ፊት ለፊት ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። ውሃ አስመጡልኝ። አልጠጣሁትም። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ሐሊማ ያለችውን፣ ሙክታር የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩለትን።

«ፈቃዱ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው» አልኩ። «ፋኖሱ አጠገቤ ነበር።»

የጎረቤት ፍየሎች መጥተው አለፉ። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ዓመት» አሉ፣ «በሰገድኩ ቁጥር ለአላህ እሺ እላለሁ፤ ያንተ ነው፣ ወሰድከው፣ እሺ። አሁን ደግሞ አንተ መጥተህ የወሰድኩት እኔ ነኝ ትለኛለህ። አንተን ምን ልበልህ?»

«የፈለጉትን። ክስም ካሉ እቀርባለሁ።»

«ክስ አልፈልግም። ይቅርታም አልሰጥህም።» ድምፃቸው አልከፋም፣ አልለሰለሰም። «ዛሬ ሂድ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድኩ። በቀጣዩም ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት አላሳለፍኩም። አንድ ቀንም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ አንድ ቀንም አትምጣ አላሉኝም። ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው «ንገረኝ» ይሉኛል። ከጠዋቱ እጀምራለሁ፤ ኢንሻአላህ በል እንጂ ብሎ እንደሳቀብኝ፣ ድንጋዩን በባልዲ እየሞላ እንደላከ፣ የላከው አሸዋ እርጥብ ሆኖ ሲወጣ ሴቶቹ ፊታቸው ላይ እንዳደረጉት። እንዴት እንደበላ ይጠይቁኛል፤ ጠግቦ እንደበላ እነግራቸዋለሁ። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ቀበቶውን እንዳጠበቀ፣ ወደ ጉድጓዱ መራመድ የጀመርንበት ላይ ስደርስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋሉ።

«በቃ» ይሉኛል፤ ልጃቸው ገና ከመሬት በላይ እንደቆመ።